የሚቆጣው ያጣ ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ሲስተር አስናቀች፣ እዚያ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ያን ሁሉ ዘመን ስትሠሪ ከሁሉ ያስደነገጠሽ ምንድን ነው?» ይለኛል። ዱላ ይዞ የተነሣብኝን፣ ልብሱን ጥሎ በአምቦ አስፋልት ላይ የሮጠውን እንድተርክለት ይጠብቃል። እሱማ የዕለት ሥራዬ ነበር። እኔን ክው ያደረገኝ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናገረኝ ጤነኛ ሰው ነው። ቶሎሳ ይባላል፣ የወንጪ ልጅ ነው። ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ለምን እንደደነገጥኩ አይገባችሁም።

ወደዚያ ክፍል የገባሁት ወድጄ አይደለም። መጀመሪያ ጊንጪ፣ ቀጥሎ ካቺሲ ጤና ጣቢያ በማዋለድ ነው የኖርኩት። አምቦ ሆስፒታል ከተዛወርኩ በኋላ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት አካባቢ አንድ ስብሰባ ላይ ለአለቃችን መልስ ሰጠሁ። ምላሴ ረጅም ነው፣ አልክድም። በማግስቱ ቢሮው ጠራኝና «አንቺ ኃይለኛ ነሽ፣ የአእምሮ ክፍሉ ይስማማሻል» አለኝ። ስልጠና ልከውኝ ስመለስ ደሞዜ ያው ነበረች። ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ እዚያ ያሉት ሠራተኛም አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ኦቦ ሁንዴ ይባላሉ።

ኦቦ ሁንዴ ረጅም ቀጭን የጉደር ሰው ናቸው፣ ክረምት ከበጋ አንድ ሹራብ የማያወልቁ። የአእምሮ ነርስነትን የተማርኩት ከስልጠናው ሳይሆን ከእሳቸው ነው። በገመድ ታስሮ የመጣ በሽተኛ የተኛበት ክፍል እንኳን ቢሆን ሳያንኳኩ አይገቡም። ከመግባታቸው በፊት እስክሪብቶውንም ማዳመጫውንም ከላያቸው ላይ አውርደው ውጭ ይተዋሉ። ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ ጎን ለጎን ነው፤ በሩ ለሰውየውም ለእሳቸውም ክፍት ሆኖ። «መውጫ የተዘጋበት ሰው ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ይማታል» ይሉኝ ነበር። መድኃኒቱ አደነዘዘህ ወይ ብለው ከመጠየቃቸው በፊት የሰውየውን ክንድ ይዘው ክርኑ ላይ ቀስ እያሉ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፤ ግትር ማለቱን በጣታቸው ይሰማሉ። ቤተሰብ ገብቶ «ይሄ እኮ ሌሊት አያስተኛንም» ሲል ዘወር ይሉና «ስም አለው፣ ለራሱ ንገሩት» ይላሉ።

ይህን ሁሉ ወደድኩት። አንድ ልማዳቸው ግን አንገበገበኝ። ከሕሙማን ጋር ይጣላሉ።

አንድ የጨሊያ ገበሬ ታሞ ሲመጣ መርፌ ልንሰጠው ስንይዘው ኦቦ ሁንዴን ክንዳቸው ላይ ነከሳቸው፣ ደማቸው እስኪወርድ። ያን ለት ምንም አላሉም፣ ቁስላቸውን አጥበው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሳምንታት በኋላ ሰውየው ድኖ፣ ተላጭቶ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሊሰናበት መጣ። ኦቦ ሁንዴ እጃቸውን አልሰጡትም።

«ነክሰኸኛል» አሉት።

«እኔ? አላስታውስም ጌታዬ።»

«እኔ አስታውሳለሁ» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠባሳውን አሳዩት።

ሰውየው ላብ አጠመቀው። ገበሬው ቆይቶ ቆይቶ «ይቅር ይበሉኝ» ሲላቸው ወዲያው ትከሻውን አቅፈው፣ እየሳቁ፣ እስከ መናኸሪያ ሸኙት። ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«ኦቦ ሁንዴ፣ ታሞ እኮ ነው የነከስዎት። ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?»

«ታሞ ነበር። አሁን ድኗል። አንቺን ጎረቤትሽ ቢሰድብሽ ዝም ትያለሽ?»

«አልልም።»

«በግ ቢወጋሽስ?»

«በግን ማን ይቆጣል።»

«እንግዲያው እሱን ከበጉ ጋር አትደምሪው» አሉኝና ገቡ።

አልተቀበልኳቸውም። እኔ የራሴ መንገድ ነበረኝ። የዳነ ሰው ባደረገው ነገር አንገቱን ሲደፋ «አንተ አይደለህም፣ በሽታው ነው» እለዋለሁ። ይህችን አንዲት ቃል ለስንት ሰው እንዳልኳት እኔም አላውቅም። በሷ ሰንሰለት አስፈትቻለሁ፣ ሚስት ባሏን መልሳ እንድታስገባ አድርጌያለሁ። ሙኒራ የምትባል ደንበኛችን ብቻ አንድ ቀን መልስ አሳጣችኝ። ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት፣ ቤተሰቧ ከደቡብ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። በሽታዋ ሲነሣባት የሱቋን ጨርቅ በሙሉ ለድሃ አደለችው። ስትድን ወንድሞቿ እየዞሩ ሊሰበስቡ ተነሡ፤ እኔም አብሬ «ያኔ የሰጠችው እሷ አይደለችም» አልኩ። ሙኒራ ዞር ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ ስሳደብ በሽታው ነው አልሽ፣ እሺ። ስሰጥም በሽታው ከሆነ እኔ መቼ ነው የምኖረው?» አለችኝ። ጨርቁንም አላስመለሰችም። ሳቅሁና አለፍኩት፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ቶሎሳ ልምጣ። ቶሎሳ ከወንጪ ገደል አፋፍ እስከ ሐይቁ ድረስ ጎብኚ በፈረስ የሚያወርድ ጎልማሳ ነው። ጓደኛው ደጀኔ ደግሞ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል። አንዱ ያወርዳል፣ አንዱ ያሻግራል፤ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ትሪ የሚበሉ ልጆች ናቸው። ቶሎሳ የሌለ ድምፅ ሲሰማ፣ ከሰው ሲሸሽ ደግፎ ወደኛ ያመጣው ደጀኔ ነው። ከዚያም በየወሩ አብሮት ይመጣል፣ ክኒኑን ቆጥሮ ይቀበላል፣ በኔም ይቀልዳል። «ሲስተር፣ አንድ ቀን ወንጪ ነይና ከነቁጣሽ በጀልባ እናሻግርሽ» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ።

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። ቶሎሳ ደጀኔን በራሱ በደጀኔ መቅዘፊያ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው አሉኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ወሩ እኮ ገና አልሞላም፣ ሁለቱም ፊቴ ተቀምጠው ሲሣሣቁ ያየሁበት። የዚያን ቀን በሽተኛ ሁሉ ኦቦ ሁንዴ ናቸው ያዩልኝ።

ቶሎሳን አዲስ አበባ ወስደው ሐኪሞች መረመሩት። ከኔ የተፈለገው የሕመሙን ታሪክ መናገር ነው፤ ፍርድ ቤት ቆምኩ። ዐቃቤ ሕጉ «ሲመታ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር?» አለኝ። «አያውቅም። የመታው ደጀኔን አልነበረም፣ ደጀኔን መስሎ ሊገድለው የመጣ ሌላ ፍጡር ነው የታየው» አልኩ። «ራሱን መግታት ይችል ነበር?» ሲለኝ «ወባ የያዘው ሰው መንቀጥቀጡን መግታት ከቻለ እሱም ይችል ነበር» ብዬ መለስኩ። ምስክርነቴ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ቢጠሩኝ ያንኑ እላለሁ። ፍርድ ቤቱ ከኃላፊነት ነፃ አድርጎ ለሕክምና ሰጠው።

የደጀኔ እናት አዴ ጫልቱ ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ ተከትዬ ደረጃው ላይ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። «አዴ፣ የሚቆጡት ሰው የለም። የገደለው በሽታው ነው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። የገባቸው መሰለኝ።

በኛ አገር ሰው ሰውን ሲገድል፣ በስሕተትም ቢሆን፣ የአገር ሽማግሌዎች መሐል ይገቡና ጉማ ይደረጋል። ገዳዩ በሟች ወገን ፊት ይቆማል፣ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» ይላል። ካሣው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ያች ቃል ናት። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን እጅ በአንድ ላይ ይታጠባል፣ በአንድነት ይበላል፣ በቀልም ያበቃል። በቶሎሳ ጊዜ ግን ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤቱን ሰሙ፣ እኔንም ሰሙና «መብረቅ ጉማ አይጠየቅም» ብለው ተነሡ። እኔ ደስ አለኝ። አገሩ ሁሉ የኔን ቃል ተቀበለ፣ ሳይንሱ ገባ ብዬ ኮራሁ።

ኦቦ ሁንዴ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥተው ጉደር ገቡ፣ ክፍሉ በኔ ላይ ቀረ። ቶሎሳ ታክሞ ተመልሶ በየወሩ እየመጣ ክኒኑን ይወስዳል። ድኗል፣ ንጹሕ ነው፣ ቁጥብ ነው። ኮሮና የገባ ዓመት ሁላችንም አፋችንን ሸፍነን በተቀመጥንበት አንድ ቀን መድኃኒቱን ሰጥቼው አልነሣ አለኝ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለኝ።

«ምን ልጻፍልህ?»

«ያን ለት ጤነኛ ነበር ብለሽ ጻፊልኝ።»

የተሳሳተ መሰለኝ። «ታሞ ነበር ለማለት ነው?»

«ጤነኛ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እሰሩኝ አልኳቸው፣ ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ። ወረቀት ካለኝ ያስሩኛል።»

ሕመሙ ተነሣበት ብዬ እጁን፣ ዓይኑን፣ አነጋገሩን መረመርኩ፤ ምንም የለም። ሰውየው ከኔ የበለጠ ጤነኛ ነው።

«ምን ሆነህ ነው ቶሎሳ? ሰፈር የሚያሳድድህ አለ?»

«ማንም አያሳድደኝም። ቢያሳድዱኝ ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ሰላም ይሉታል፣ እንጀራ ይሰጡታል። ቀብር ሲሆን ግን አካፋ የሚያቀብለው የለም። ዕቁብ አያስገቡትም፣ ምስክር አይጠሩትም። ፈረሱ የጎረቤት ገብስ በላ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዳኛ ዘንድ ይደርስ ነበር፣ እሱን ግን ዝም አሉት። «በሌላ ጊዜ ሆን ብዬ ለቀቅኩባቸው» አለኝ። «ግማሹን ማሳ በላባቸው። ባለቤቱ መጥቶ ፈረሱን በራሱ እጅ አስሮልኝ፣ አይዞህ ብሎኝ ሄደ። ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ።»

«መጻፍ አልችልም፣ ውሸት ነው» አልኩት።

«እሺ፣ አንቺ ተቆጪኝ። ማሎ፣ እባክሽ። ደጀኔን ታውቂዋለሽ፣ ትወጂው ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣሽኝም።»

ያን ጊዜ አፌ ከልማዱ የተነሣ ራሱ ተናገረ። «አንተ አይደለህም ቶሎሳ፣ በሽታው ነው» አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁትን እስክሞት አልረሳም። መብራት ሲጠፋ ቤቱ እንደሚሆነው ሆነ። ባርኔጣውን አድርጎ «እሺ» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ወር አልመጣም፣ በሌላውም ወር አልመጣም። በሥራ ዘመኔ በሽተኛ በሞት አጥቻለሁ፣ ጠፍቶብኝ ያውቃል። በደግ ቃል ያባረርኩት ግን እሱ ብቻ ነው።

እንቅልፍ ሲነሣኝ ጉደር ወረድኩ። ኦቦ ሁንዴ ጓሯቸው ውስጥ ያችን ሹራብ ለብሰው ጎመን ያርማሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ «ያጠፋው ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም አልኩዎት እኮ። ታሞ ነው የመታው።»

«ስለ መታበት ቀን አልጠየቅኩሽም። ከዚያ በፊት፣ ጤነኛ እያለ?»

«አልጠየቅኩትም።»

ማረሙን ትተው አዩኝ። «ያ ክኒን ሲዋጥ ይሠራ ነበር። ታዲያ ለምን ተነሣበት? ይህን ሁሉ ዓመት አልጠየቅሽውም?»

አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው መውቀስ ይመስልብኛል ብዬ ነው። የታመመ ሰው አይወቀስም ስል ጤነኛ የነበረበትን ጊዜውንም ጨምሬ ማርኩለት።

በነጋታው ወንጪ ወጣሁ። ቶሎሳን አፋፉ ላይ ፈረሱን ሲቦርሽ አገኘሁት። ክኒኑን ከጎረቤት ጤና ጣቢያ እየወሰደ እንደሚውጥ ነገረኝ፣ ተመስገን አልኩ። ከዚያ በቀጥታ ጠየቅኩት። «ደጀኔ ከመሞቱ በፊት መድኃኒትህን አቁመህ ነበር?»

ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

ያኔ መድኃኒቱን ሲውጥ እጁ ይንቀጠቀጥበት ነበር። ልጓም ሲይዝ ጎብኚዎች እያዩ ሌላ ፈረስ ይመርጣሉ። አፈረ። ደጀኔ በየጠዋቱ ወደ ጀልባው ከመውረዱ በፊት «ዋጥክ?» ይለዋል፤ እሱም «ዋጥኩ» ይለዋል። ክኒኑን ግን ሐይቁ ውስጥ ይጥለዋል። ድምፁ መመለስ ሲጀምር ታውቆታል፤ ለደጀኔ እንዳይነግረው ደግሞ ውሸቱ ይወጣበታል። «ጤነኛ ነበርኩ ሲስተር» አለኝ። «ያኔ ጤነኛ ነበርኩ።»

ደሜ ፈላ። ለመንቀጥቀጡ እኮ ሌላ ትንሽ ክኒን አለው፤ አንድ ቃል ቢነግረኝ በዚያው ቀን እሰጠው ነበር። ይህን እየነገርኩት ድምፄ እየጨመረ ሄደ፤ በመጨረሻ ፈረሶቹ እስኪደነብሩ ጮህኩበት። ይህን የመሰለ ጓደኛህን፣ በየወሩ ሥራውን ትቶ አብሮህ የሚንከራተተውን፣ ዓይኑን እያየህ ዋሸኸው አልኩት። ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። እሱ ቆሞ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ይህን ለእናቱ እነግራለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ፤ ጉማ ይባል አይባል ሳይስማሙ አዴ ጫልቱ ደጅ ሄድን። ቶሎሳ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «የመታሁት ለት እኔ አልነበርኩም ይላሉ፣ እኔ አላውቅም» አለ። «ውሸቱን ግን እኔ ነኝ የዋሸሁት። ዋጥክ ወይ ሲለኝ ዋጥኩ አልኩት። እኔ ነኝ።»

አዴ ጫልቱ ተነሡ። ቀረቡትና በጥፊ መቱት። ሽማግሌዎቹ ሊይዟቸው ተንጋጉ፤ «ልቀቁኝ» አሉ፣ ለቀቋቸው። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። ስለ ደጀኔ ልጅነት፣ ሰርግ እንዳላየ፣ ቤታቸው ክረምቱን እንዴት እንደሚያፈስ፣ ሁሉን አንድ በአንድ ቶሎሳ ላይ ጣሉበት። እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማ። ሲደክማቸው ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ደረጃው ላይ የሚቆጡት ሰው የለም አልሽኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ልጄን ማንም አልገደለውም ብላችሁኝ ኖራችሁ። የኔ ልጅ ማንም ሳይገድለው ነው እንዴ የሞተው?»

ሙኒራም ትዝ አለችኝ፣ የጨሊያው ገበሬም። ደረጃው ላይ ያን ስላቸው የማጽናናቸው መስሎኝ ነበር። ልጃቸውንም ከቶሎሳ ጋር ደምሬ ከሰው ተራ አውጥቼው ኖሯል።

አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲህ አዴ፣ ይቅር ትያለሽ?» አሏቸው። «አልልም» አሉ ቆፍጠን ብለው። ሁላችንም ደነገጥን፤ ነገሩ የተበላሸ መሰለን። አዴ ጫልቱ ግን ቶሎሳን ማየታቸውን አልተዉም። «መድኃኒትህ የት አለ?» አሉት። ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። ነጠቁትና መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። «ከነገ ጀምሮ እዚህ መጥተህ እኔ ፊት ትውጣለህ። ምላስህን አንሥተህ ታሳየኛለህ። እኔ ደጀኔ አይደለሁም፣ አፍህን አላምንም።»

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን አምቦ ድረስ መጥተው የሚወስዱት አዴ ጫልቱ ሆኑ። መንገዱ ሲታደስ በመኪና፣ ሲበላሽ በሰው እግር፣ አንድ ወር አላሳለፉም። ቶሎሳም ሰፈሩ ውስጥ አካፋ እንደሚያቀብሉት፣ ፈረሱ ገብስ ሲበላ እንደሚከሱት ሰማሁ።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ላይ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰውኝ፣ ኬክ ቆርሰን ስናበቃ አዴ ጫልቱ መስኮቱ ጋ ደረሱ። መድኃኒቱን እየሰጠኋቸው ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳቸው።

«አዴ፣ አሁንስ ይቅር አሉት?»

«ገና ነው» አሉኝ። «ትናንትም ተጣልተናል። ያለ ውሃ በደረቁ ሊውጥ ይፈልጋል። ቶሎ በይ ስጪኝ፣ ውጭ እየጠበቀኝ ነው፣ መኪና ያመልጠናል።»

በመስኮቱ ወጣ ብዬ አየሁ። ቶሎሳ የእሳቸውን ዘንቢል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አዴ ጫልቱ ገና ሳይደርሱበት ከሩቅ ተቆጡት፤ ዘንቢሉን መሬት አስነካኸው ነው መሰለኝ። እሱም መለሰላቸው። እየተጨቃጨቁ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።